የተሸነፈው ሰው የት ሄደ?

«የሚደግፍ?» አሉ ሰብሳቢው። አዳራሹን እጅ ሞላው። «የሚቃወም?» ዝም። «ድምፅ ተአቅቦ?» ከኋለኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ የሰበሰበ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። የሰብሳቢው ዓይን ግን ከወረቀታቸው ላይ አልተነሣም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ።

ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። የወጣቱን እጅ አይቻለሁ። ሰብሳቢው እንዳላዩትም አይቻለሁ። ብዕሬ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። የጸደቀው የሥራ አስፈጻሚ አባላት ዝርዝር ነበር። ስሞቹ ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት በኮምፒውተር ተተይበው፣ ተባዝተው፣ ከታሸገው ውኃ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነበር የጠበቁን። ከመካከላችን አንድ ሰው ብድግ ብሎ ዝርዝሩ ላይ ጥያቄ ለማንሣት ሲሞክር አንድ አዛውንት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው፤ በዚህ ክፉ ጊዜ አንከፋፈል» ብለው አስቀመጡት። ጭብጨባው ደማቅ ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

የፓርቲውን ስም አልጠራም። ከዚያ አዳራሽ ከወጣሁም ብዙ ዓመት አልፎኛል። ያ እጅ ግን እስካሁን አይረሳኝም፤ ምክንያቱም ወጣቱ ከዚያ ቀን በኋላ ጽሕፈት ቤታችንን ረግጦ አያውቅም። መኮብለሉን ማንም አላስተዋለውም። እኔ የተረዳሁት ከወራት በኋላ፣ እሱ በሚኖርበት ሰፈር በራሪ ወረቀት ልናድል ስንሄድ ነው። ቀድሞ ቤት ለእንግዳ ብለው ወንበር ያወጡልን የነበሩ ሰዎች በሩን ገርበብ አድርገው «እሱ የለም እንዴ?» ይሉናል። የለም ስንላቸው ወረቀቱን በጨዋነት ይቀበሉናል፤ በሩም ይዘጋል። በዚያ ሰፈር ፓርቲው ማለት እሱ ነበር። ፕሮግራማችንን ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። እነዚያ ሰዎች የሚያውቁት በልቅሶም በሠርግም የሚያገኙትን አንድ ልጅ ነው፤ እሱ ሲያምነን አመኑን፣ እሱ ሲተወን ተዉን።

ስለ ፓርቲዎች የውስጥ ዲሞክራሲ ሲወራ ብዙ ጊዜ እንደ ቤት ውስጥ ጉዳይ ይቆጠራል። መራጩ የሚያየው ውጤቱን ነው፣ ወጥ ቤቱን ማን ያየዋል ይባላል። ይህ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። መራጩ ወጥ ቤቱን ያያል። በጋዜጣ ባያየው፣ በጎረቤቱ ልጅ ፊት ላይ ያየዋል።

ፖለቲካን የወደድኩት በ1997 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 7 ቀን ገና ሳይነጋ ወጥተን ተሰለፍን። ጋቢ የለበሱ አዛውንቶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ የመጡ ዘበኞች ነበሩ። ሰልፉ ሳይንቀሳቀስ ሰዓታት ሲያልፉ ማንም አልተማረረም። የመረጥኩትን ሰው ስም ያወቅኩት ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሳየው ነበር ብል አላጋነንኩም። የመረጥኩት ሁለቱን ጣቶች ነው፤ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረውን የቅንጅትን ምልክት። አዲስ አበባም እንደዚያው አደረገች፤ የከተማዋን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች።

ያን ጊዜ ከመካከላችን «እነዚህ አራት ፓርቲዎች ባይስማሙ በምን ይዳኛሉ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ኢዴሊ እና ቀስተ ደመና በአንድ ምልክት ሥር መሰለፋቸው ብቻውን በቂ መስሎን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጥያቄው ራሱ መጣ። ጥምረቱ ወደ ውህደት ይሻገር ሲባል መተዳደሪያ ደንቡ የጠብ ምንጭ ሆነ፤ ኢዴፓ-መድኅንም ከሌሎቹ ጋር ተለያየ። መሪዎቹ ታሰሩ። በሐምሌ 1999 ሲፈቱ ብዙ ሰው በደስታ አለቀሰ። ከወራት በኋላ ግን እነዚያው ሰዎች ሁለት ቦታ ተቧድነው መግለጫና መልስ መግለጫ ይወራወሩ ጀመር። ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝ «ማን ትክክል ነው?» ብለው አልነበረም። «ማኅተሙ ማን ጋ ነው?» ነበር የሚሉኝ።

ይህ የማኅተም ነገር የአገራችንን ፓርቲዎች ታሪክ አሳጥሮ የሚናገር ይመስለኛል። አንድ ክብ ጎማ፣ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ከሰማያዊ ቀለም መንከሪያው ጋር መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። በፓርቲ ውስጥ አለመግባባት ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው፤ ቀጥሎ የቢሮው ቁልፍ፣ ቀጥሎ የባንክ ደብተሩ። አባላቱን ማንም አይፈልጋቸውም። ጉባኤ ተጠርቶ «እናንተ ፍረዱ» ከማለት ይልቅ ማኅተሙን ይዞ ምርጫ ቦርድ በር ላይ ቀድሞ መገኘት ይቀናል። የቅንጅት ስምም በመጨረሻ ብዙው መራጭ ለማያውቀው ቡድን ተሰጠ። ድምፃችንን የሰጠንበት ስም በሕይወት እያለ እኛ ግን ባለቤቱን አናውቀውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። የመንግሥት እጅ በዚህ ሁሉ ውስጥ ነበረበት። መሪዎቹ ታስረው በነፃነት ጉባኤ አይጠራም፤ በየወረዳው ስብሰባ በሚከለከልበት አገር የውስጥ ምርጫ ማካሄድ ቀልድ አይደለም። በጥር 2007፣ ምርጫ ሊካሄድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ምርጫ ቦርዱ የአንድነት ፓርቲንም የመኢአድንም ስም ለአንደኛው ወገን ሲወስን የሌላው ወገን አባላት ምን እንደተሰማቸው አይቻለሁ። ያን ዓመት ገዥው ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱ። ቢሆንም በር የሚሰበረው ስንጥቅ ካለው ቦታ ነው። ስንጥቁን ያበጀነው እኛ ነን።

የአንድነት ፓርቲ ታሪክ ለእኔ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ሊቀመንበሯ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ዳግም ታስረው ሳለ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ያሉበት የአባላት ስብስብ ፓርቲው በራሱ ደንብ ይመራ ብሎ ተነሣ። ስሙ ራሱ ጥያቄው ነበር፤ «መርህ ይከበር»። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ አንድ አባል ለፓርቲው ሊያቀርብ አይችልም። መጨረሻው ግን መለያየት ሆነ፤ ከእነዚያ ሰዎች መካከል የተወሰኑት በኋላ ሰማያዊ ፓርቲን መሠረቱ። እኛ ከሳር ቤት እስከ ሽሮ ሜዳ ሰው ለማሳመን የምንዞር ልጆች ምን እንበል? «ደንቡ ይከበር ያሉት ሰዎች ወጥተዋል» ብለን ማንን እናሳምናለን?

አባቴ ለብዙ ዓመታት የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበር። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ደግሞ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ሒሳብ ግን ከእሳቸው የሚያመልጥ የለም። ፓርቲ መግባቴን የሰሙ ዕለት ቡና ላይ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የእናንተን ሊቀመንበር ማን መረጣቸው?»

«ጠቅላላ ጉባኤው።»

«ስንት ሰው ተወዳደረ?»

«እሳቸው ብቻ ናቸው የቀረቡት።»

ስኒውን ረከቦቱ ላይ መለሱት። «እንግዲያ አልተመረጡም፤ ተሾሙ እንጂ» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የዕድራችንን ጉባኤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን ውስጥ አግዳሚ ይደረደራል። አባቴ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ያነባል። ገንዘብ ያዧ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ ይላሉ። ከዚያ ያልከፈለው ይወቀሳል፤ ድንኳኑን ቀዶ የመለሰው ይቀጣል፤ አንዱ ይጮኻል፤ ሌላው ተቆጥቶ ይወጣና ከበር ይመልሱታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ መደማመጥ ያለ አይመስልም። መጨረሻ ላይ ዳኛው ይመረጣል፤ ለመመረጥ ሁለትና ሦስት ሰው ይጠቆማል።

አንድ ዓመት የሰፈራችን ጡረተኛ አስተማሪ በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ። በጣም ከፍቷቸው ነበር። ፊታቸው ቀልቶ፣ ባርኔጣቸውን ሳያነሡ ወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በታችኛው መንደር ሰው ሞተ። ለፋፊው በማለዳ ሲጮኽ ተነሥቼ ስወጣ እኒህ ሰው የድንኳኑን ብረት በአንደኛው ጫፍ ተሸክመው አየኋቸው። በሌላኛው ጫፍ የያዙት ያሸነፏቸው ዳኛ ነበሩ። አልተነጋገሩም። ብረቱን ግን አንድ ላይ አቆሙት።

ሰው ዕድሩን የሚያምነው ጠብ ስለሌለበት አይደለም። ጠቡን በዓይኑ ያየዋል፤ ከዚያ ማግስቱንም ያየዋል። የተሸነፈው ሰው በልቅሶው ድንኳን ውስጥ ቦታ እንዳለው ያውቃል። እኔ ዛሬ አንድን ፓርቲ ለመመዘን የምጠቀምበት ሚዛን ይኸው ነው፤ ማን አሸነፈ ከማለቴ በፊት የተሸነፈው የት ሄደ እላለሁ። ሕዝባችንም፣ በዚህ ቃል ባይለውም፣ የሚጠይቀው ይህንኑ ይመስለኛል። ጉባኤ፣ ሊቀመንበር፣ ኦዲተር፣ ቃለ ጉባኤ ምን እንደሆነ ከማናችንም ፖለቲከኞች በላይ ያውቃል። በየወሩ መዋጮውን ከፍሎ የሚኖርበት ነገር ነው። ፓርቲዎቻችንን የሚለካቸው በአውሮፓ ፓርቲዎች አይደለም፤ በዕድሩ ነው፤ በዚያም መለኪያ አንሰን ተገኝተናል።

ገዥው ግንባር ለረጅም ጊዜ የተመራበት ደንብ ዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ይባል ነበር። ውስጥ ተከራከር፣ ከተወሰነ በኋላ ግን ያላመንክበትንም ቢሆን ውጭ ወጥተህ ተከላከል የሚል ነው። በወረቀት ላይ መጥፎ አይመስልም። በተግባር ግን ክርክሩ ለሕዝብ የማይሰማ፣ ተሸናፊው ደግሞ የማይታይ ሆነ። በ1993 ከግንባሩ አባል ድርጅቶች አንዱ የነበረው ሕወሓት ሲሰነጠቅ 12 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ረግጠው ወጡ፤ ከአመራርም ታገዱ። አንዳንዶቹ ብዙ ሳይቆዩ እስር ቤት ገቡ። ያን የሰማ ተራ አባል በቀጣዩ ግምገማ ላይ ምን ያህል አፉን ይከፍታል? ተራው መራጭስ፣ የገዛ ታጋዩን እንዲህ ያደረገ ድርጅት እኔ ብቃወመው ምን ያደርገኛል ብሎ አይጠይቅም?

ከዚያ መጋቢት 2010 መጣ። የኢሕአዴግ ምክር ቤት ከእያንዳንዱ አባል ድርጅት 45፣ በድምሩ 180 አባላት ነበሩት። የግንባሩን ሊቀመንበር ለመምረጥ በር ዘግተው ቀናት ሰነበቱ። አገሩ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻ ቁጥሩ ወጣ፤ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2። በነጋታው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሳይቀር እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በቃሉ ይላቸው ነበር። ኢሕአዴግን ሕይወቱን ሙሉ ሲቃወም የኖረ አንድ ዘመዴ፣ ስሜቱን መደበቅ አቅቶት፣ «እውነትም ተወዳድረዋል!» አለኝ። 59ኙ ነበር ያሳመነው። 59 ሰው ሌላ መርጦ መውጣት ከቻለ 108ቱም የእውነት መርጠዋል ማለት ነው።

በመስከረም 2011 ሐዋሳ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሊቀመንበሩ ከ177 ድምፅ 176ቱን አግኝተው ዳግም ተመረጡ። በዚያ ወቅት የነበረው የሕዝብ ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ያን አልክድም። ቢሆንም ያኛው ዘመዴ ስለ 176 አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ግን ስለ አንዱ ድምፅ አሰብኩ። አንዱ ሰው ማን ይሆን? ነገ ምን ይለው ይሆን? የኋለኛው ረድፍ፣ የተሰበሰበው እጅጌ፣ የእኔ ብዕር ትዝ አለኝ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ግንባሩ ራሱ ከሰመ፤ ብልጽግና ተመሠረተ፤ ሕወሓት ልግባ አላለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በደም አውቀነዋል። ጦርነቱን ያመጣው የፓርቲ መተዳደሪያ ደንብ ነው ለማለት አልደፍርም። ሆኖም በአንድ ምክር ቤት ውስጥ አብረው ድምፅ ይሰጡ የነበሩ ሰዎች ልዩነታቸውን የሚያሸማግል አንድም የውስጥ ዳኛ አለመኖሩ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሕጉ ይህን አልዘነጋውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ሲደነግግ በአገራዊ ምርጫ ብቻ አልተወሰነም፤ በፖለቲካ ድርጅቶች ውስጥ ለኃላፊነት የሚደረግ ምርጫም ነፃና ዲሞክራሲያዊ መሆን አለበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000፣ ለክልላዊ 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። የእነዚህ አሥር ሺህ ሰዎች ፊርማ ሲሰበሰብ ያለውን ሩጫ አውቀዋለሁ፤ እኔም በፀሐይ ዞሬበታለሁ። ፊርማው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ከአሥር ሺው ውስጥ ስንቱ ዳግም ተጠይቆ ያውቃል? የምርጫ ክልላቸው ዕጩ ማን ይሁን ተብለው የተጠየቁ አባላት አሉ? በእኔ ዘመን ዕጩዎች የሚታወቁት ከዋናው ጽሕፈት ቤት በሚላክ ደብዳቤ ነበር።

የውስጥ ምርጫ ማድረግ ብቻውን መድኃኒት ነው አልልም። የደቡብ አፍሪካው ኤኤንሲ በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ፖሎክዋኔ ላይ ተሰብስቦ የአገሪቱን ፕሬዚዳንት ታቦ ኤምቤኪን በ2,329 ለ1,505 ድምፅ ከፓርቲው መሪነት አውርዶ ጃኮብ ዙማን መረጠ። ሥልጣን ላይ ያለን መሪ በወረቀት ድምፅ ማውረድ ለእኛ ሕልም ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሙስና ነበር፤ ድርጅቱም ዓመት በዓመት እየሳሳ ሄዶ በ2016 ምርጫ ከአፓርታይድ ማብቃት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፓርላማ አብላጫውን አጣ። ድምፅ የሚሰጠው ተወካይ በገንዘብና በሹመት ከተያዘ ቆጠራው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መራጩን አያታልለውም።

ከእኛ ቤት ደግሞ ኢዜማ በሰኔ 2014 ያደረገውን ጉባኤ በጉጉት ተከታትያለሁ። ፓርቲው በግንቦት 2011 ሲመሠረት በምርጫ ወረዳ ተደራጅቶ፣ የመሪውንና የሊቀመንበሩን ሥልጣን ለይቶ መነሣቱ ትልቅ ነገር ነበር። ለመሪነት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና አቶ አንዱዓለም አራጌ በአደባባይ ተፎካከሩ፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አሸነፉ። በዚያች ቀን እውነተኛ ደስታ ተሰምቶኛል። በቀጣዩ ዓመት ግን በርካታ የታወቁ አባላት ፓርቲውን ለቀቁ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መፍረድ የእኔ ቦታ አይደለም። ምርጫውን ካደረጉ በኋላ ከምርጫው የበለጠ ከባድ ሥራ እንደሚጠብቅ ግን አየሁበት፤ የተሸነፈውን ሐሳብ የት እናስቀምጠው የሚለው ሥራ። ሕወሓትም በነሐሴ 2016 መቀሌ ላይ ጉባኤ ሲጠራ አቶ ጌታቸው ረዳን ጨምሮ ብዙ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት አልገቡም፤ በግንቦት 2017 ምርጫ ቦርድ የድርጅቱን ምዝገባ ሰረዘ። ግማሽ ምዕተ ዓመት የኖረ ድርጅት እንኳን ለተሸናፊው ወንበር አላዘጋጀም ነበር።

በ2013 ምርጫ ሰሞን አንዲት ልጅ በራችንን አንኳኳች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። አንገቷ ላይ የፓርቲዋን ምልክት ያለበት ሻርፕ ጠምጥማለች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። የእኔን የድሮ ጫማ አየሁበት። ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ኑሮ ውድነት ያጠናችውን ሁሉ ነገረችኝ። አስጨርሻት አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ «በመጨረሻው ጉባኤያችሁ ለሊቀመንበርነት ተወዳድሮ የተሸነፈው ሰው አሁን የት ነው?»

ግራ ገባት። «አላውቅም» አለችኝ፤ አለመዋሸቷን ወደድኩላት። ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ ጥያቄዬን ቃል በቃል ጻፈችውና «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ብላ ሄደች።

ትመለሳለች ብዬ አልጠበቅኩም። በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ መጣች። ወረቀት አልያዘችም፤ ሻርፑም አንገቷ ላይ የለም። «ጽሕፈት ቤት ጠየቅኳቸው» አለችኝ። «ይህ ለቅስቀሳ ምን ያደርግልሻል አሉኝ። ደግሜ ስጠይቅ ማን ልኮሽ ነው አሉኝ።»

ግቢ አስገባኋት። ከሰሉን እያራገብኩ ሳለ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «አሁን ግን ማወቅ የምፈልገው ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለችኝ።